የኡጆይ መዥገሮች የት ገቡ?

ሎ ዩንታይ በዕድሜው ብዙ ነገር ጠፍቶበታል። ማጭድ ጠፍቶበታል፤ መነጽር ጠፍቶበታል፤ አንድ ጊዜማ የገዛ ሞተሩን ገበያ አቁሞ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ተመልሷል። መዥገር ጠፍቶበት ግን አያውቅም ነበር።

ለዚህ የመንደሩ ሰዎች ሁላችንም ምስክር ነን። ዩንታይ ከእራት በኋላ በረንዳው ላይ ዱካውን ስቦ ይቀመጣል። ውሻው ኡጆይ ይመጣና እግሩ ሥር ዘፍ ይላል። እሱም መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ወረንጦውን ይዞ ሥራውን ይጀምራል። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ብብት፣ ከዚያ የጣቶቹ መሐል። መዥገሯን ከሥሯ ይይዛትና ሳይጠመዝዝ ቀስ አድርጎ ይስባታል፤ ከዚያ ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጠብ ነው። ገና ሰሊጥ የምታክል አለች፤ ደም ጠግባ ባቄላ ያከለች አለች። በመንገድ የሚያልፍ ሰው "ዩንታይ ጎ፣ መከሩ እንዴት ነው?" ይለዋል፤ ታላቅ ወንድም ማለቱ ነው። እሱም ቀና ሳይል "ዘንድሮ ከመንደሪኑ ይሻላል" ይላል።

ኡጆይ ማለት በእኛ በሃካዎች ቋንቋ ጥቁር አፍ ነው። ሰውነቱ ቡላ ሆኖ አፉ ብቻ ከሰል የላሰ ይመስላል። ቡችላ ሳለ ከመንደሪኑ እርሻ ቦይ ውስጥ አውጥቶ ያሳደገው ዩንታይ ነው። ቀን ቀን የሚያስረው የለም። ጌታው ከዛፎቹ ጋር ሲታገል ውሻው ቀርከሃው ውስጥ ሾልኮ ይጠፋል፤ ሲመሽ ብቅ ይላል። የት ዋልክ ብሎት አያውቅም።

"ወንድ ልጅ የት ዋልክ አይባልም" ይላል ዩንታይ።

"ለራስህ ነው የምትከራከረው" ትለዋለች ሚስቱ ጂንዩ። ጂንዩ ውሻ አትወድም። ውሻውን አትመታውም፣ አትጠራውምም፤ እንደ ቤት ዕቃ ዞራው ታልፋለች።

እንግዲህ የቱንግ ዛፎች አበባቸውን በየመንገዱ አርግፈው መዥገር በሚፈላበት ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። ዩንታይ እንደ ልማዱ ጆሮውን ገለጠ፤ ባዶ። ብብቱን አየ፤ ባዶ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀ፤ ምንም የለም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ከጆሮው እንደገና ጀመረ።

"ጂንዩ!" ብሎ ጮኸ።

"ምን ሆንክ?" እጇን እያደራረቀች ወጣች።

"መዥገር የለም!"

"የት?"

"ኡጆይ ላይ ነዋ! አንድ እንኳ የለም።"

"እና ለምን ትጮሃለህ? ደስ አይልህም?"

"ምኑ ነው ደስ የሚለው? መዥገር በገዛ ፈቃዱ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል እንዴ? ቀኑን ሙሉ ሳር ለሳር ሲርመሰመስ የዋለ ውሻ?"

"ወይ ደሙ መሯቸው ይሆናል" አለችና ገባች።

በማግሥቱም የለም። በሦስተኛውም የለም። የኡጆይ ጸጉር ጭራሽ ማብረቅረቅ ጀመረ። ዩንታይ ወረንጦውን ይዞ የሚገባበት ጠፋው። ያልታመመውን ውሻ እንደታመመ ሰው አገላብጦ አየው፤ ምላሱን አየ፣ ዓይኑን ገለጠ። ውሻው አዛጋ።

ያ ሳያንስ ሽታው ተከተለ።

ጂንዩ ልብስ ልታጥብ ሱሪውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሱሪ።"

"ሱሪ መሆኑንማ እያየሁት ነው። ሽታውን ነው የምልህ። አበባ አበባ ይላል።"

"እንግዲያ የውሻው ነዋ።"

"ውሻው ሽቶ ይቀባል?"

"እግሬ ላይ ነው የሚተኛው! ካላመንሽ አሽትቺው!"

ጂንዩ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውሻው ጎንበስ አለች። ኡጆይ እውነትም አበባ አበባ ይሸታል፤ ከከተማ የመጣች ሙሽራ ይመስል። ቀና ብላ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"እሺ፣ አሸተትኩት። እንግዲህ አንተም ውሻህም አንድ ቤት ነው የምትውሉት ማለት ነው።"

ዩንታይ እንግዲህ ምን ይበል? እሱ የዋለው መንደሪን ውስጥ ነው። ግን እውነቱን ሲናገር እንኳ በገዛ ጆሮው ውሸት መሰለው። ያን ዕለት ጂንዩ ሩዙን ሰፍራ ሾርባውን ሳትጨምርለት ተነሳች።

ከዚያ ቀበቶው መጣ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ኡጆይ አንገቱ ላይ ግራጫ ነገር አድርጎ ገባ። ጎማ የመሰለ ለስላሳ ቀበቶ ነው፤ ሲነኩት ጣት ላይ ስስ ዱቄት ይቀራል። ስም የለው፣ ቁጥር የለው። ዩንታይ ኡጆይን በገመድ ስቦ ወደ ኩዌይ ሱቅ ሄደ። ኩዌይ ከሩዝ ጀምሮ እስከ ማዳበሪያና የከብት መድኃኒት የሚሸጥ፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ሰው ነው።

"ሌቦች ናቸው" አለ ኩዌይ፣ ገና ሳይነካው። "ምልክት አድርገውበታል። ቀን መጥተው ያስራሉ፣ ሌላ ቀን መጥተው ይወስዳሉ።"

"ሊወስዱት ከሆነ ያኔውኑ ለምን አልወሰዱትም?"

"እሱማ የሌባ ሚስጥር ነው። እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"ዱቄቱስ?"

"ማፍዘዣ ይሆናል።"

"እንዲህ ያለ ነገር አንተ ጋ አይሸጥም?"

"እኔ ሱቅ የሌለ ነገር ደህና ነገር አይደለም፣ ዩንታይ ጎ። ይልቅ ከዚያ ውሻ ጋር ሽቶ መቀባቱን ተው። ሰው ማውራት ጀምሯል።"

ዩንታይ በመንደሪን መግረዣው መቀስ ቀበቶውን ቆርጦ ጣለው። ኡጆይ በማግሥቱ ሄደ፣ ዋለ፣ ማታ ሲመጣ አዲስ ቀበቶ አስሮ መጣ። ያውም ከበፊቱ ጠበቅ ያለ።  ማን ነው እንዲህ የሚደፍረው? ሌባ ከሆነ ውሻውን ማታ ማታ ለምን ወደ ቤቱ ይሸኘዋል? ይሄኛውንም ቆረጠ። ቁርጥራጩን አጥር ላይ ሰቀለው፤ የመጣው ይምጣ፣ አይቶ ይፈር ብሎ።

ከዚያ በኋላ ቀበቶ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ግን መዥገሮቹ መጡ። የመጀመሪያዋን ከኡጆይ ጆሮ ሥር ሲያገኛት የጠፋ ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ አለው። "እሰይ፣ ተመለሳችሁ!" አለ። ሲናገር ራሱን ሰማና ደነገጠ። ምን ነካኝ? አለ በልቡ። መዥገር መጣልኝ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ደስታውም አልሰነበተ። ጂንዩ ገላዋን ስትታጠብ ከጉልበቷ ጀርባ አንዲቱን አገኘቻት፤ ጩኸቷ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ዩንታይ ወረንጦውን ይዞ ሮጠ። ነቅሎ ሲጨርስ ጂንዩ ፎጣዋን አገልድማ ቆመችና፦

"ስማኝ አንተ ሰውዬ። በዚህች ነገር ንክሻ ሰው ትኩሳት ይዞት ይሞታል። ወይ ውሻውን ታክመዋለህ፣ ወይ ከነውሻህ መንደሪኑ ሥር ታድራለህ" አለችው።

"እኔ እኮ በየቀኑ እለቅምለታለሁ።"

"የለቀምከውን ሳይሆን ያልለቀምከውን ነው ያገኘሁት!"

 በማለዳ ወደ ኩዌይ ሄደ። ኩዌይ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ የጠጣ ጠርሙስ አወጣ። ላዩ ላይ የበሬ ሥዕል አለበት።

"ይሄ የከብት አይደለም እንዴ?"

"ከብትም አራት እግር ነው ያለው፣ ውሻም አራት እግር ነው ያለው። መዥገሩ አንድ ነው። በውሃ በጥብጠህ እጠበው።"

"ምን ያህል ውሃ?"

"ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።"

የተጻፈው ግን ስለ በሬ ነው፤ ለአንድ በሬ ይህን ያህል ይላል። ዩንታይ ኡጆይን አየ፣ በሬውን አየ፣ በሐሳቡ አካፈለና ግራ ሲገባው በግምት ጨመረ። ስስ መስሎ ስለታየው ደግሞ ደገመበት። ውሻውን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ አሽቶ አጠበው። ኡጆይ ራሱን አራገፈ፣ እርጥቡን ጎኑን ላሰ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ቀርከሃው ውስጥ ገባ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ተመለሰ። አመጣጡ ግን እንደ ሰካራም ነበር። የኋላ እግሮቹ አይታዘዙትም፤ ከአፉ ለሃጭ ይዝረበረባል፤ ቆዳው ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። በረንዳው ላይ ሊወጣ ሞከረና ደረጃው ላይ ወደቀ።

"ኡጆይ! ኡጆዬ!" ዩንታይ አቀፈው። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ጠዋት አጥቦ የላከው ጤነኛ ውሻ ነው፤ አሁን ያቀፈው ሌላ።

ጂንዩ ወጥታ አየች። ደጅ የቆመውን የፒካፕ መኪናቸውን በር ከፈተች፣ ገብታ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። "ስጠኝ" አለች። "አንተ ንዳ።" ከተማ እስኪደርሱ ድረስ የማትወደውን ውሻ ጭኗ ላይ አስተኝታ ለሃጩን በቀሚሷ ስትጠርግ ሄደች።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፌን ይሏታል። ጠረጴዛው ላይ እንዳጋደሙት ገና ስታየው፦

"ውይ ላይፉ! ላይፉዬ፣ ምን ሆንክ?" አለች።

ዩንታይ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሌላ ውሻ የለም።

"ኡጆይ ነው ስሙ።"

"የማን?"

"የእሱ።"

ሐኪሟ ድዱን ገልጣ እያየች "አባክ፣ ይሄን ውሻ እኔ አውቀዋለሁ" አለች፤ አባክ አጎቴ እንደ ማለት ነው። "ክትባቱን የምሰጠው እኔ ነኝ። ላይፉ ነው። ወይዘሮ ቹንላን ዛሬ አልመጡም? እርስዎ ባለቤታቸው ነዎት?"



"የማን ባለቤት?" አለች ጂንዩ።

"የወይዘሮ ቹንላን። ከድልድዩ ማዶ ጸጉር ቤት ያላቸው።"

"ጸጉር ቤት" አለች ጂንዩ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደምታኝከው ሁሉ። "ሻምፖ። አበባ አበባ።"

"ጂንዩ፣ እኔ ሴትየዋን አይቻት አላውቅም!"

"ውሻህ ግን በደንብ ያውቃታል። ክትባት ታስከትበዋለች።"

"እሱን ጠይቂው እንጂ እኔን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?"

"ቆዩ፣ ቆዩ!" አለች ሐኪሟ። "ጠቡን በኋላ ትጨርሳላችሁ። ዛሬ ምን ሰጣችሁት?"

ዩንታይ ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ። ሐኪሟ የበሬውን ሥዕል አይታ ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ረዳቷን ጠርታ ውሃ አስመጥታ ገላውን አጠበችው፣ መርፌ ወጋችው፣ የፊት እግሩ ላይ ግሉኮስ ሰካችለት። በዚያ መሐል ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ደወለች። ከስልኩ የወጣውን ድምፅ ሁላቸውም ሰሙት።

"ወይዘሮ ቹንላን፣ ለላይፉ ሰሞኑን መድኃኒት ሰጥተውት ነበር?"

"እንክብሉን ነዋ፣ ትናንት! ምን ላድርግ? ያ የማይታወቅ ወንበዴ ቀበቶውን እየቆረጠ ጨረሰብኝ! ዛሬ ደግሞ አንዳች የሚገማ ነገር ተነክሮ መጣ፤ የተረጨ እርሻ ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ በሻምፖ አጠብኩት። ለምን ጠየቅሽኝ? ምን ሆነ?"

ቹንላን ብዙም ሳትቆይ ደረሰች። ከነሽርጧ ነው የመጣችው፤ እጆቿ በጸጉር ቀለም ጠቁረዋል፤ ደንበኛዋን ቀለም እንደተቀባች ወንበር ላይ ትታት ነው። ዕድሜዋ ከጂንዩ ብዙም አያንስም። ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ "ላይፉ!" ስትል ዩንታይ ከወዲያ "ኡጆይ!" አለ። ውሻው ጅራቱን አንዴ መታ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

"እርስዎ ነዎት ቀበቶውን የሚቆርጡት?" አለች ቹንላን።

"እርስዎ ነዎት የሚያስሩት?"

"የመዥገርና የቁንጫ መከላከያ ነው እኮ! መጀመሪያ በየቀኑ እያጠብኩ መዥገሩን ስለቅምለት ነበር፤ ሥራዬን ሲያስፈታኝ ነው ወደ ቀበቶው የዞርኩት። የደንበኞቼን ቁርጭምጭሚት ቁንጫ ሲበላው ዝም ልበል? ሰው ጸጉሩን ሊሠራ መጥቶ እግሩን እያከከ ይሂድ?"

"የኔ ውሻ እርስዎ ቤት ምን ይሠራል?"

"የእርስዎ ውሻ? በየጠዋቱ ተርቦ ነው የሚመጣው! ዕንቁላል ነው የማበላው!"

"ተርቦ? ይሄ? ሩዝ በአሳማ ሥጋ በልቶ ነው እኮ ከቤት የሚወጣው!"

ሁለቱም ወደ ውሻው ዞሩ። ኡጆይ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ተኝቷል።

በዚህ መሐል ጂንዩ ወደ ቹንላን ጠጋ አለችና አንገቷ ሥር ጎንበስ ብላ አሸተተቻት። ቹንላን ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

"እሱ ነው" አለች ጂንዩ። "ያው ሽታ ነው።" ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "በሉ ቀጥሉ" አለች ስትጨርስ። "እኔ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር።"

"ምን መስሎዎት?" አለች ቹንላን።

ዩንታይ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። "ምንም አልመሰላትም" አለ።

ሐኪሟ እጇን እየታጠበች ነገሩን አፍረጠረጠችው። እንክብሉ ብቻውን ምንም ባላደረገው ነበር። የበሬው መድኃኒት ግን በዝቶ ተበጥብጧል፣ ውሻው ደግሞ ልሶታል፤ በሁለቱ መድኃኒቶች መሐል ሰውነቱ ተጨነቀ። ጠዋት በሻምፖ ባይታጠብ ኖሮ እዚህም ባልደረሰ።

"እንግዲያ እኔ ነኝ ያዳንኩት" አለች ቹንላን።

"እንክብሉን ባይሰጡትስ ኖሮ?" አለ ዩንታይ።

"ቀበቶውን ባይቆርጡ መቼ እሰጠው ነበር?"

"ባያስሩት መቼ እቆርጠው ነበር?"

"የማን እንደሆነ እኔ አያገባኝም" አለች ሐኪሟ። "መድኃኒቱ ግን ከአንድ እጅ ይውጣ። አንድ ሰው ብቻ ይስጠው። አለዚያ የሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ አጋድማችሁ አታመጡልኝም፤ ቀብራችሁት ነው የምትነግሩኝ።"

ኡጆይ ሐኪሟ ዘንድ ሰነበተና ዳነ። ሊወስዱት የመጡት ሦስቱም አብረው ናቸው። በመንገድ ላይ የማን እጅ ይሁን በሚለው ተጨቃጨቁ፣ አልተስማሙም። በመጨረሻ ቹንላን "ለምን ራሱን አንጠይቀውም?" አለች። ድልድዩ ጋ ይልቀቁት፤ ወደ ዩንታይ መንደር ከሄደ የዩንታይ፣ ወደ ጸጉር ቤቱ ከተሻገረ የእሷ። ዩንታይ በልቡ እንዳሸነፈ ቆጠረው። ከቦይ አውጥቶ በጣቱ ወተት ያጠባውን ውሻ!

ድልድዩ ጋ ፒካፑን አቁሞ በሩን ከፈተ። ኡጆይ ዘሎ ወረደ። ዩንታይን አሸተተ፣ ቹንላንን አሸተተ፣ የድልድዩን ምሰሶ አሸተተ፣ ሽንቱን ሸና። ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል፣ በወንዙ ዳር ወደ ላይ በሚወጣው የጥርጊያ መንገድ ሶምሶም እያለ ሄደ።

"ወዴት ነው የሚሄደው?" አለች ቹንላን።

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ ዩንታይ። "ያ መንገድ የማንም ቤት አይደለም።"

ሦስቱም ተከተሉት። መንገዱ የመሬት አምላክ መቅደስ ጋ ያደርሳል፤ ከትልቅ ዛፍ ሥር ያለች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያያት ትንሽ መቅደስ ናት። የሚጠርጋት ሹ የሚባል ሽማግሌ ነው። ደጇ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ውሻውን ሲያይ ክንዱን ዘረጋ።

"ዋንጻይ! አንተ ባለጌ፣ የት ጠፍተህ ሰነበትክ? ና፣ ና፣ መድኃኒትህን ላድርግልህ!" ብሎ እጁን ወደ ዕጣን ማጤሻው ሰዶ የሆነ ነገር ዘገነ።

"እንዳትነካው!" ብለው ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጮኹ።

ሽማግሌው እፍኙን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ኡጆይም ደነገጠና ተቀመጠ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ቹንላን እየሮጠች ደርሳ።

"አመድ ነዋ፣ ልጄ። አምላኩ ፊት የነደደ አመድ። መዥገር አያስጠጋም። ይኸው ከአዲስ ዓመት ጀምሮ አደርግለታለሁ፤ እዩት፣ አንድ መዥገር ታገኙበታላችሁ?"

ዩንታይ ዛፉን ተደግፎ ቆመ። በመዥገር ዘመን መዥገር ያጣው ውሻ፣ አንዴ በቀበቶ ነው ሲባል፣ አሁን ደግሞ በአመድ ነው ይባላል። "እኔስ?" አለ። "ማታ ማታ የምለቅመውስ?"

"ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነው የሰማሁት" አለች ጂንዩ። "ይሄ የት የት ሊጮህ ነው?"

ነገሩን ለሽማግሌው ሹ ሲያስረዱት ጊዜ ወሰደ፤ ሲያስረዱት እንደገና ተጣሉ። ሹ ሰምቶ ሲያበቃ "እኔም ተካፋይ ነኝ፤ አልለቅም" አለ። ከዚያ "አምላኩን እንጠይቀው" አለ። እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠረቡትን ሁለት እንጨቶች ከመቅደሷ አውጥቶ፣ መድኃኒቱ በእኔ እጅ ይሁን ወይ እያሉ እንዲጠይቁ በተራ አስጣላቸው። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ከወደቀ እሺ ማለት ነው። ዩንታይ ጣለ፤ ሁለቱም በሆዳቸው፤ እንቢ። ሹ ራሱ ጣለ፤ እንቢ። ቹንላን ስትጥል ሁለቱም በጀርባቸው ወድቀው ተወዛወዙ።

"ይሄ ምን ማለት ነው?" አለች፣ እያወቀችው።

"ሳቀ" አለ ሹ። "አምላኩ እየሳቀብን ነው።"

ደገሙት፤ እንደገና ሳቀ። ደጋግመው ጣሉ፤ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ እንቢ ይላል። ዩንታይ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ጠይቋል፤ እንዲህ ያለ መልስ ገጥሞት አያውቅም። ሲደክማቸው ጂንዩ "እስቲ ወዲህ በሉት" አለች። "እራት የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ።" እንጨቶቹን ጣለች። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው። ሹ "አንድ ጊዜ አይበቃም" አለ። ደገመች፤ ያው። ሦስተኛም ጣለች፤ ያው።



"እኔ?" አለች ጂንዩ። "እኔ እኮ ውሻ አልወድም።"

"እሱን ለአምላኩ ንገሪው" አለ ሹ።

እንክብሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጂንዩ እጅ ነው። የቹንላን ገንዘብ ይገዛዋል፣ ሐኪሟ ታስረክባለች፣ ጂንዩም ጨረቃ ስትወለድ በስኳር ድንች ውስጥ ሸጉጣ ታጎርሰዋለች፤ እስኪውጥ ድረስ አፉን ይዛ ትጠብቃለች። በዚያ ሰበብ ጸጉሯንም ማዶ ተሻግራ ትሠራ ጀመር፤ አሁን ቤቱ በሙሉ አበባ አበባ ይላል። ኩዌይ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ "ዩንታይ ጎ፣ ሚስትህም ከሌቦቹ ጋር ገባች?" ይለዋል። 

ዩንታይ እስከ ዛሬ አንድ ነገር አልገባውም። ቀን ቀን ዛፎቹ መሐል ሆኖ ውሻው ቀርከሃው ውስጥ ሲሾልክ ያየዋል፤ ድሮ የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር፣ አሁን ያውቃል፤ ግን ከማወቁ በፊት ይሻል ነበር ወይስ አሁን ይሻላል? አንድ ቀን ጂንዩን "ለመሆኑ ይሄ ውሻ የማን ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለች። "በየትኛው ስሙ እንደምጠራው እንኳ አላውቅም።"

እሷ ምን ብላ እንደምትጠራው ከጎረቤት የሰማነው እኛ ነን። ማንም የለም ብላ ስታስብ "ልጄ" ነው የምትለው። አንድ ጠዋት ኡጆይ በር ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጭንቅላቱ ላይ ሹ ገና የነሰነሰበት አመድ ነበር። ጂንዩ በመጥረጊያዋ ጫፍ አራገፈችለትና ሩዙን አቀረበችለት።